ስለ ቤት እርጥበትና ስለ ሻጋታ ለእናቶች የሚሆን ትምህርት

እናቶች ሆይ፤ ሐምሌ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ ከልጆቻችሁ መኝታ ራስጌ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳሳችሁት ታውቃላችሁ? ይቀዘቅዛል፤ እጅንም ያረጥባል። ቀረብ ብለው ሲያሸቱት ታምቆ የቆየ ጭድ ጭድ ይላል። ጥቂት ቀን ሲቆይ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። ቁርበቱን ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሎበት ይገኛል። በመሶብ የተቀመጠው እንጀራም ተበልቶ ሳያልቅ ይበላሻል። ይህ ሁሉ የአንድ ነገር ሥራ ነው፤ ስሙም ሻጋታ ነው።

ብዙዎቻችን ነገሩን የክረምት ዕዳ አድርገን እንቈጥረውና «ምን ይደረጋል፤ መስከረም ሲጠባ ይደርቃል» ብለን እንተወዋለን። መስከረም ሲጠባ መድረቁስ እውነት ነው። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ሕፃኑ 60 ሌሊት ያንኑ አየር ሲተነፍስ ያድራል። በጎታው ያለው እህልም 60 ቀን እርጥበት ሲስብ ይሰነብታል። ጉዳቱ የሚደርሰው በእነዚሁ ቀኖች ነው።

ሻጋታ ምንድር ነው?

ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በክረምት ከፋንድያ ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሻጋታም የእርሱ ዘመድ ነው። እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ግን በዓይን የምናየው ብዙው አንድ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ዘሩ ከዱቄት ይልቅ የላመ ነው፤ በነፋስ እየበነነ ይሄዳል፤ በማናቸውም ቤት ውስጥ ይገኛል። በባለጸጋ ቤትም አለ፤ በድኻ ቤትም አለ። ስለዚህ ቤቷ የሻገተባትን ሴት ጎረቤት «ሰነፍ ናት» ብሎ ሊያማት አይገባም።

ይህ ዘር ሲወድቅ ለመብቀል ሦስት ነገር ይሻል። መጀመሪያ ምግብ ነው። ምግቡም እንጨት፣ ጭድ፣ እበት፣ ቆዳ፣ ጨርቅና እህል ነው። እንግዲህ ቤታችን ከላይ እስከ ታች የተሠራው ከምን ነው? ከእነዚሁ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ለሰው የሚስማማው ሙቀት ለሻጋታም ይስማማዋል። ሦስተኛው ውኃ ነው። ዘሩን ከአየር ለቅመን ልናጠፋው አንችልም። ምግቡን እንከልክለው ብንል ቤቱን ማፍረስ ይሆናል። ሙቀቱን እንከልክለው ብንል ልጆቻችን ይበርዳቸዋል። እጃችን የሚደርስበት ውኃው ብቻ ነው። ሻጋታ ውኃ ሲያጣ ማደጉን ያቆማል። ውኃ እስካገኘ ድረስ ግን ዛሬ ቢጠርጉት ከሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ በረጠበ ነገር ላይ ማቆጥቆጥ ለመጀመር አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ጨርቅና መጥረጊያ ከማንሳት በፊት «ይህ ውኃ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የሻጋታው ዘር ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። አንዳንዱን ሰው ምንም አይለውም። ሌላውን ግን ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አፍንጫውን ይዘጋዋል፣ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። አስም ያለበትን ሰው ደረቱን እያፏጨ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2009) ባወጣው መጽሐፍ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በሳል፣ በአስምና በመተንፈሻ አካል በሽታ እንደሚጠቁ አስታውቋል። ይልቁንም የሚጎዱት ቀኑን አብዛኛውን በቤት የሚውሉት ናቸው፤ እነዚህም ሕፃናት፣ አራሶች፣ ሽማግሌዎችና በሽተኞች ናቸው።

ታዲያ ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው ማለታችን አይደለም። የምድጃ ጪስም ያስላል፤ የሳንባ ነቀርሳም ያስላል። ነገር ግን ልጁ ሜዳ ሲውል ሳሉ እየቀነሰ፣ ቤት ሲገባና ሲተኛ የሚብስበት ከሆነ መኝታውን መመርመር ይገባል።

ውኃው የሚመጣባቸው መንገዶች

ውኃ ወደ ቤት የሚገባው ከታች፣ ከጎን፣ ከላይና ከራሱ ከቤቱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ምልክት ስላለው በማየት ይለያል።

ከታች የሚመጣውን ለመረዳት የኩራዝን ክር አስቡ። ክሩ ጋዙን ከታች ወደ ላይ እየሳበ ያነደዋል። የጭቃ ግድግዳም እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ከቆመ ልክ እንደ ክሩ ውኃውን ወደ ላይ ይስባል። ምልክቱ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ስንዝር ወይም እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚከተል የእርጥበት መስመር ነው። ወለሉንም ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ያልተቀደደ ፌስታል በወለሉ ላይ ዘርጉና ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫኑት፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዉት። ስትገልጡት ውኃው ከፌስታሉ ሥር ካዘለ ከመሬት የመጣ ነው። ከላዩ ላይ ካዘለ ግን የቤቱ አየር ነው የረጠበው።

ከጎን የሚመጣው ውኃ ብዙውን ጊዜ ጠፈጠፍ ነው። ክዳኑ አጭር ሲሆን ጠፈጠፉ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ መሬት ነክቶም ተመልሶ ግድግዳውን ይረጨዋል። ከውጭ ሲያዩት ምርጊቱ ተሸርሽሮ ጭዱና ማገሩ ገጦ ይታያል። ከላይ የሚመጣውን ለማወቅ ግን ብዙ አያስቸግርም፤ ክዳኑ ባፈሰሰበት ስፍራ ቡናማ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሣሩ የበሰበሰበትን ወይም የቆርቆሮው ምስማር የላላበትን ፈልጎ ክረምት ሳይገባ መጠገን ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። እኛው ራሳችን ቤታችንን እናረጥባለን። ሰው ሲተነፍስ እንፋሎት ያወጣል። አንድ ተኝቶ የሚያድር ሰው በትንፋሹና በላቡ ወደ ሩብ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ለአየሩ ይሰጣል። አምስት ሰው በተኛበት ቤት በአንድ ሌሊት ከአንድ ሊትር የማያንስ ውኃ በአየር ውስጥ ተንሳፎ ያድራል ማለት ነው። ጥጃና በግ አብረው ካደሩ ይህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ወጥ ሲንተከተክ፣ በዝናም የራሰ ጋቢና ገሳ በቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ እንስራም ሲያልበው እርጥበቱ ይጨመራል። ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ቆርቆሮ ያስከደኑ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ጠብታ ፊታቸው ላይ ሲወድቅባቸው «ቆርቆሮው ተቀደደ» ብለው ሠራተኛ ይጠራሉ። ሠራተኛውም ወጥቶ ቀዳዳ ያጣል። ለካስ ዝናም ባልዘነበበት ሌሊትም ያንጠባጥብ ኖሯል፤ ውኃው የራሳቸው ትንፋሽ ነው።

በደምቢያ ያየነው ቤት

በደምቢያ ሜዳ ያየነውን አንድ ቤት እንንገራችሁ። አገሩ ዋልካ ነው፤ ሜዳ ስለ ሆነም ውኃው ቶሎ አይወርድም። እናቲቱ ጠንካራ የቤት እመቤት ናቸው። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ቤታቸውን በእበት ይለቀልቃሉ፤ በላዩም ነጭ አፈር ይቀባሉ። በየዓመቱም ሐምሌ ሲጋመስ በዚያው ግድግዳ፣ ከልጆቹ መደብ በላይ ጥቁሩ ነገር ይመለሳል። አንድ ዓመት አፈሩን ለወጡ፤ ሌላ ዓመት በበረኪና አጠቡት፤ አልሆነም። ትንሹም ልጃቸው በየክረምቱ ያስለዋል። «ግድግዳው የተረገመ ነው፤ እኔስ ደከመኝ» አሉን።

ከቤት ወጥተን በጓሮ በኩል ዞርን። ከግድግዳው ጀርባ የአመድ መድፊያው ነበር። ባለቤቲቱ ወደዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ አመዱና ጥራጊው እዚያው ሲደፋ ኖሮ ከጉልበት በላይ ከፍ ብሏል፤ ከውስጥ ካለው ወለልም ይበልጣል። ክዳኑም በዚያ በኩል አጭር ስለ ነበር ጠፈጠፉ የሚወርደው በክምሩ ላይ ነው። ክምሩ እንደ ስፖንጅ ውኃውን ይዞ ሌት ተቀን ለግድግዳው ያጠጣዋል። በውስጥ በኩል መለቅለቁ ሁሉ የሚያፈስ እንስራ ከላይ እንደ መሞላት ነበር።

በጥቅምት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ክምሩን ወደ ማሳው አጋዙት። አመድና ጥራጊ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ስለ ሆነ ድካሙ በከንቱ አልቀረም። መሬቱን ከውስጥ ወለል አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አደረጉት። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቀውም ቦይ ቆፈሩ፤ ቦዩን ወደ ቁልቁለቱ አወጡት። ግድግዳውን ግን ወዲያው አልለቀለቁትም። ይህን ልብ በሉ። የሻገተውን ልስን ፍቀው አንሥተው እስከ ጥር በነፋስና በፀሐይ አደረቁት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ መረጉት። በእርጥብ ግድግዳ ላይ እበት መለቅለቅ ለሻጋታው ማዕድ ማቅረብ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ተመልሰን አየነው። ግድግዳው ደርቋል። አንዲት ማዕዘን ብቻ ትንሽ ጠቁራ አገኘናት፤ በዚያ በኩል ክዳኑን አላስረዘሙትም ነበርና። ሳሩ ሲገኝ እናደርገዋለን ብለዋል።

ቤትን እንዴት እናድርቅ?

ከሁሉ በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ዝናሙ በሚጥልበት ሰዓት ገሳ ለብሳችሁ ወጥታችሁ ቤታችሁን ዙሩት። ውኃው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆም፣ ወደ ግድግዳው የሚመለሰው በየት በኩል እንደ ሆነ በዓይናችሁ ተመልከቱ። በበጋ ሆኖ በግምት ከመቆፈር ይህ ይሻላል።

አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ሜዳውን ትታችሁ ከፍ ያለውን ስፍራ ምረጡ። ከጭቃው በታች አንድ ክንድ ያህል የድንጋይ መሠረት ይኑረው፤ ድንጋይ እንደ ጭቃ ውኃ አይስብምና። ወለሉ ከደጁ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይበልጥ፤ ከሥሩም ጠጠር ይደልደልበት። ክዳኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ወጣ ይበል። ከተመረገ በኋላም ሳይደርቅ አትግቡበት። ምርጊቱ ገና ውኃውን ሳይተፋ አራስ ሴትና ሕፃን ማስተኛት ደግ አይደለም።

መስኮትን በተመለከተ ከእናቶች ጋር ብዙ እንከራከራለን። «ነፋስ ይመታናል፤ ምች ይይዘናል» ይባላል። በተለይ አራስ ሴት በጨለማው ጓዳ ተዘግቶባት ትሰነብታለች። እኛ ግን አራሲቱንና ሕፃኑን ነፋስ ይምታቸው አላልንም። እነርሱን ደኅና አድርጎ መሸፈን፣ አልጋቸውንም ከበሩ ትይዩ ማንሣት፣ ከዚያ ወዲያ በሩንና መስኮቱን መክፈት ነው። ዝናሙ ሲያባራና ፀሐይ ብልጭ ስትል ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መክፈቻዎች አንድ ሰዓት ያህል ክፈቷቸው፤ እርጥቡ አየር በአንደኛው ወጥቶ ደረቁ በሌላው ይገባል። መስኮት የሌለው ቤት ከክዳኑ በታች በትይዩ ሁለት ቀዳዳ ቢበጅለት፣ ስፋቱም የሁለት እጅ መዳፍ ቢሆን ይበቃል። ዝናም እንዳይገባ በክዳኑ ጥላ ሥር ይሁን።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ እውነትነትም አለው። «ዱሮ እሳቱ በቤት መካከል ሲነድ ክዳኑ አይበሰብስም ነበር» ይላሉ። ጪስና ሙቀት ሣሩን ያደርቃል፤ ተባዩንም ያባርራል። ነገር ግን ሣሩን የሚያደርቀው ጪስ የእናቲቱንና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ሳንባ ያቆስላል፤ ዓይንም ያጠፋል። ስለዚህ ምድጃውን ወደ ተለየ ማድ ቤት ያወጣችሁ እናቶች መልካም አድርጋችኋልና አትመልሱት። ብቻ ቤቱ በእሳት መድረቁ ስለ ቀረበት በምትኩ ነፋስና ፀሐይ እንደሚያስፈልገው አትርሱ። ምድጃው ወጥቶ መስኮቱ እንደ ተዘጋ የቀረበት ቤት በመጀመሪያው ክረምት ይሻግታል።

የተቀረው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ በመካከል አየር ይለፍ። በመደብ የሚተኙ ልጆች ከሥራቸው ደረቅ ጭድ ይጎዝጎዝላቸው፤ ጭዱ ሲርስ ይለወጥ። ቁርበቱን፣ ሰሌኑንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጥታችሁ ሁለቱንም ገጽ አስጡት። የራሰ ልብስ ከመኝታው ቤት ይልቅ በማድ ቤቱ ወይም በበረንዳው ይሰቀል። እንስራው በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከብት የሚያድርበት ጋጥ ቢቻል የተለየ ቤት ይሁን፤ ባይቻል እንኳ በግድግዳ ይከለል፤ ሽንቱም በቦይ ወደ ውጭ ይውጣ።

የበቀለውን ሻጋታ ስለ ማጽዳት

ሻጋታን በደረቁ አትጥረጉት። በደረቁ ከጠረጋችሁት ዘሩ እንደ አቧራ በቤቱ ሁሉ ይበናል። መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡ፤ አስም ያለበት ሰውም በዚህ ሥራ አይግባ። አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ፤ ቦታውን በውኃ አርጥቡ። እንጨት፣ ቆርቆሮ ወይም ስሚንቶ ከሆነ በሳሙናና በውኃ መፈተግ ይበቃዋል፤ ከዚያ በቶሎ ማድረቅ ነው። የጭቃ ግድግዳ ግን ሥሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሻገተውን ልስን ፍቆ ማውጣት ያስፈልጋል። የተፋቀውን ከቤት አርቃችሁ ቅበሩት።

በረኪና ብዙ ሰው ያምንበታል። በጭቃና በእንጨት ላይ ግን ቀለሙን ያጠፋዋል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥሩን አይነቅለውም። በዚያም ላይ ውኃ ይጨምርበታል። ይዛችሁ ከተገኛችሁም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚገድል ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ከበረኪና ይልቅ የደረቀውን ግድግዳ ኖራ መቀባት ይሻላል፤ ሻጋታ ኖራን አይወድም። ኖራ ግን ዓይን ያቃጥላልና ሲበጠበጥም ሆነ ሲቀባ ልጅ አይቅረብ።

ስለ እህልና ስለ እንጀራ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሻጋታ የሚጎዳው በትንፋሽ ነው። በእህል የሚበቅለው ግን በምግብ በኩል ይገባል፤ ይህም ከፊተኛው የከፋ ነው።

በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1960) በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ትላልቅ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ሊቃውንት ቢመረምሩ መኖአቸው የሻገተ ለውዝ ኖሯል። ከሻጋታውም የሚወጣውን መርዝ አገኙትና አፍላቶክሲን ብለው ጠሩት። ይህ መርዝ በበቆሎ፣ በለውዝ፣ በማሽላና በበርበሬም ላይ ይገኛል። የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ጥቂት በጥቂት ለብዙ ዘመን የበሉት እንደ ሆነ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ከተበላ ይገድላል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2004) በጎረቤታችን በኬንያ፣ በምሥራቁ ክፍል በማኩዌኒና በኪቱዊ አካባቢ 317 ሰዎች በዚህ መርዝ ታመው 125ቱ ሞቱ። ያለ ጊዜው በዘነበ ዝናም የረጠበ በቆሎ ተሰብስቦ ተከማችቶ ነበር። በተደረገውም ምርመራ በቆሏቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ያኖሩት ሰዎች ይበልጥ እንደ ታመሙ ታወቀ። እንደ እናንተ ያሉ እናቶች ናቸው፤ እህሌ አይሰረቅብኝ ብለው ወደ ቤት ያስገቡት።

የዚህን መርዝ ክፋት አስተውሉ። መቀቀል፣ መቁላት፣ መጋገር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ጠላ መጥመቅም እንዲሁ አያጠፋውም። ስለዚህ «ለምግብ ባይሆን ለጠላ ይሁን» የሚባለው ልማድ መቅረት ይገባዋል። ለምትታለብ ላምም አትስጧት፤ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጃችሁ ይመለሳል።

መከላከያው ማድረቅ ነው። በቆሎ ለብዙ ወር ሲቀመጥ ከመቶ 13 እጅ የበለጠ ውኃ ሊኖርበት አይገባም። «ይህን በምን እናውቃለን?» ትሉ ይሆናል። ጨውን በምጣድ አምሳችሁ አድርቁትና ይቀዝቅዝ። አንድ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ጨምሩበት፤ ከጨውም ሁለት ማንኪያ አክሉበት። ክዳኑን ዘግታችሁ ደኅና አድርጋችሁ ናጡትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ በእህሉ ውስጥ ከመቶ ከ15 እጅ በላይ ውኃ አለ፤ ጎታ አይግባ። ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ጨምሩለት እንጂ ወዲያው አታስገቡት።

በቆሎውንም በርበሬውንም በባዶ መሬት ላይ አታስጡት። መሬት እርጥበት ይሰጠዋል፤ የሻጋታውም ዘር በአፈር ውስጥ አለ። ሰሌን ወይም ሸራ ይነጠፍለት፤ ርብራብ ቢሠራለት ደግሞ ይበልጣል። ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሰብሰብ። ጎታው በድንጋይ ላይ ይቁም፤ ከግድግዳውም ይራቅ። በምሥራቅ አገር እህል በጉድጓድ የሚያኖሩ ሰዎች ከዳሩና ከአፉ ያለው እህል እንደሚበላሽባቸው ያውቃሉ፤ መሬቱን የነካው ነውና ያ እህል ከደኅናው ጋር አይቀላቀል። አሁን በገበያ የሚሸጠው አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ለነቀዝ ጥሩ ነው፤ ያልደረቀ እህል ከገባበት ግን ውስጥ ለውስጥ ይሻግታል።

ወደ ወፍጮ ከመላካችሁ በፊት እህሉን በሰፌድ ልቀሙት። የተሰበረውን፣ የጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና ነቀዝ የበሳውን ለይታችሁ ቅበሩት። አብዛኛው መርዝ ያለው በነዚሁ ፍሬዎች ውስጥ ነው። አንድ ቁና በቆሎ ለቅሞ ሁለት ጭብጥ መጣል ያሳዝናል፤ እኛም እናውቃለን፤ በተለይ እህል ባነሰበት ወር። ግን ከተፈጨ በኋላ መለየት የለም።

እንጀራን ስለ ሆነ፣ ሳይበርድ ወደ መሶብ አታግቡት፤ እንፋሎቱ እዚያው ውኃ ይሆናል። መሶቡንም ከእንጀራ እንጀራ መካከል ጥረጉና ፀሐይ አሳዩት፤ በስንጥቁ የቀረው ፍርፋሪ ለአዲሱ እንጀራ የሻጋታ ዘር ይሆናል። የሚተርፍ ከመሰላችሁ ሳይሻግት አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። አንድ ጊዜ ከሻገተ ግን ነጩን ጠርጎ ማቅረብ አይረዳም፤ ክሩ በዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ቤቱን እስክናደርቅ ብላችሁ የታመመ ልጅ አታቆዩ። ሕፃኑ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው ያን ቀኑን ይወሰድ። ማናቸውም ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር ካንድ በላይ የሆኑ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሆዳቸው ካበጠና ካስታወካቸው «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ በቤት ብቻ አታስታሙ፤ ሲበሉት የነበረውን እህል መብላት አቁማችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም አድርሷቸው። ከእህሉም አንድ ጭብጥ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙም ልጁ የሚተኛበት ቤት እርጥብ መሆኑን፣ እህሉ መቼ እንደ ታጨደና የት እንደ ተቀመጠ ንገሩት።